የያቭነ ወይን ጠጅ ለምን በጋዛ ስም ተጠራ?

ጥሩ ወይን ጠጅ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ፈረንሳይ ነው። የፈረንሳይን ጠርሙስ አንስቶ ላየው ሰው ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም። ወይኑ የበቀለበት ርስት ስም አለ፣ የመንደሩ ስም አለ፣ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት አለ፣ የት እንደ ታሸገም አለ። አንድ ጠርሙስ አገሩንና የልደት ዓመቱን ይዞ በዓለም ይዞራል ማለት ነው። ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን መካከል ግን ስንቶቹ ናቸው የልደት ቀናቸው በመታወቂያቸው ላይ በግምት የተጻፈው!

ታዲያ እኛ ያቭነ የምንኖር፣ ገዴራና ቂርያት ማላኺ ዘመድ ያለን ወጣቶች፣ ከእግራችን ሥር ያለውን ወይን ጠጅ እናውቀዋለን? ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት በዚችው ከተማ የተጠመቀ ወይን ጠጅ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ይሻገር ነበር። በነገሥታት ማዕድ ላይ የሚቀርብ ዓይነት ነበር። ብቻ በያቭነ ስም አልነበረም የሚታወቀው።

ወላጆች አትደንግጡ፤ ልጆቻችሁን «ጠጡ» ልንላቸው አይደለም። በዘንድሮው መጽሔታችን ይህን ታሪክ የመረጥነው ስለ ስም ስለሚያስተምረን ነው። አንድ ሰው ይደክማል፣ ይሠራል፤ ሥራው በሌላ ስም ይጠራል። ይሄ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ከአፈር የወጣው መጥመቂያ

ያቭነ በየዓመቱ እየሰፋች ያለች ከተማ ናት። በእስራኤል ጥንታዊ ቅርስ አለበት በሚባል መሬት ላይ ቤት ከመሠራቱ በፊት መሬቱ በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ይመረመራል። በቴል ያቭነ አጠገብም እንዲሁ ሆነ። የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን ሠራተኞች ሁለት ዓመት ያህል ቆፍረው ያገኙትን በኦክቶበር 2021 ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። ቁፋሮውን የመሩት ዶክተር ኤሊ ሃዳድ፣ ሊያት ናዳቭ-ዚቭ እና ዶክተር ጆን ሴሊግማን ናቸው። በዚያን ጊዜ እንደ ገለጹት፣ የወጣው ነገር ከቢዛንታይን ዘመን እስከዚያ ቀን ከታወቁት ሁሉ ትልቁ የወይን ጠጅ ማምረቻ ነው።

አምስት መጥመቂያዎች ተገኙ። እያንዳንዳቸው 225 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የዛሬ ሁለት አፓርታማ ጎን ለጎን ቢደረግ እንኳ አይሞላቸውም። በመካከል ወይኑ በባዶ እግር የሚረገጥበት ሰፊ ወለል አለ። በወለሉ ዙሪያ ወይኑ የሚብላላባቸው ክፍሎች ተሠርተዋል። ከዚያ ቀጥሎ ጭማቂው የሚጠራቀምባቸው፣ ስምንት ጎን ያላቸው ሁለት ትልልቅ ጉድጓዶች አሉ። በግድግዳው ላይ ደግሞ በባሕር ዛጎል ቅርጽ ያጌጡ መስኮት መሰል ጉድባዎች ተገኝተዋል። ለመጥመቂያ ብቻ እንዲህ ያለ ጌጥ የሚያሠራ ባለቤት ምን ያህል ሀብታም እንደ ነበረ መገመት አያቅትም።

በመጥመቂያዎቹ መካከል አራት ትልልቅ መጋዘኖች ነበሩ። ወይን ጠጁ በሸክላ ማሰሮ ተሞልቶ እዚያ ይቀመጥና ይበስላል። ማሰሮዎቹ እንደ እኛ እንስራ ሆዳቸው የሰፋ አይደሉም፤ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። ይህ ቅርጽ በመርከብ ውስጥ ተደራርቦ ለመጫን ይመቻል። እነሱንም ከሌላ ቦታ ገዝተው አያመጡም ነበር። የሸክላው መተኮሻ ምድጃዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ተገኝተዋል፤ በዙሪያቸውም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ስብርባሪና ያልተሰበረ ማሰሮ ወጥቷል።

ባለሙያዎቹ እንዳሰሉት ቦታው በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ሊትር ያመርት ነበር። በዛሬው ጠርሙስ ቢቀዳ ከ2.6 ሚሊዮን ጠርሙስ ይበልጣል። ልብ በሉ፣ ሞተር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። ሁሉም በሰው እጅና በሰው እግር ነው የተሠራው። ሥራው የተጀመረውም በቢዛንታይን ዘመን አይደለም፤ በዚያው አካባቢ ከዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በፊት፣ በፋርሶች ዘመን የነበሩ መጥመቂያዎችም ተገኝተዋል።

ይህ ሁሉ ወይን ጠጅ ለምን አስፈለገ? በዚያ ዘመን ወይን ጠጅ የበዓል መጠጥ ብቻ አልነበረም። የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ስላልነበረ ሰዎች ውኃውን ከወይን ጠጅ ጋር እየቀላቀሉ ይጠጡ ነበር። ልጅም አዋቂም ይጠጣዋል። አያቶቻችን «የምንጭ ውኃ እንጂ የኩሬ ውኃ አይጠጣም» እያሉ ጠላ እንደሚያቀርቡት መሆኑ ነው።

ያቭነ ሠራች፣ ጋዛ ተጠራች

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ይህ ወይን ጠጅ በመላው የሜዲትራንያን ገበያ የሚታወቀው «የጋዛ ወይን» ወይም «የአሽቀሎን ወይን» ተብሎ ነው። ረጅሙ ማሰሮም በባለሙያዎች ዘንድ «የጋዛ ማሰሮ» ይባላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወይኑ የሚበቅለው በያቭነ፣ በሌሎች የደቡብ ሜዳ መንደሮችና እስከ ኔጌቭ በረሃ ድረስ ነበር። የሚጫነው ግን በጋዛና በአሽቀሎን ወደብ ነው። በግብፅ፣ በቁስጥንጥንያ ወይም በግሪክ ያለ ነጋዴ መርከቡ ከየት እንደ ተነሣ ይጠይቃል እንጂ ወይኑን ማን እንደ ረገጠው አይጠይቅም። ስሙን የሰጠው ወደቡ ነው።

ስሙ ደግሞ ተራ ስም አልነበረም። ቀለል ያለ፣ ነጭ፣ የተከበረ ወይን ጠጅ ነበር። በ565 በቁስጥንጥንያ የነገሠው ዳግማዊ ዩስጢኖስ የንግሥናውን ግብዣ ሲያደርግ ከቀረቡት መጠጦች መካከል የጋዛና የአሽቀሎን ወይን እንደ ነበሩበት በዘመኑ የነበረ ባለቅኔ ጽፏል። ይበልጥ የገረመን ግን ሌላ ነው። በዚያው በ6ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ምድር የቱር ከተማ ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ በጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የጋዛን ወይን ጠጅ በስሙ ያነሣዋል፤ ከጠንካሮቹና ለእንግዳ ከሚቀርቡት ጋር ቆጥሮ። ፈረንሳይ የራሷ ወይን እያላት ከእኛ ሜዳ የሄደውንም ትጠጣ ነበር።

ይህ ዘመን ግን አልቆየም። በ541 ከግብፅ የተነሣው ታላቁ ወረርሽኝ የባሕሩን ንግድ መታው። አየሩም በዚያው ዘመን ተዛባ። በኔጌቭ በጥንታዊ ከተሞች የቆሻሻ ክምር ላይ የተደረገ ጥናት የወይን ፍሬ ዘሮችን ቆጥሮ፣ እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እየበዙ ሄደው ከዚያ በኋላ ማነሳቸውን አሳይቷል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን አገሩ በሙስሊሞች እጅ ሲገባ የወይን ጠጅ ገበያው ይበልጥ ጠበበ። መጥመቂያዎቹ አፈር ለበሱ። «የጋዛ ወይን» የሚለው ስም በመጻሕፍት ቀረ፤ ያቭነ ግን በዚያ ስም ውስጥ ድሮም አልነበረችም።

ፈረንሳዮች ስማቸውን እንዴት አስከበሩ?

ይሄ ነገር በያቭነ ብቻ የደረሰ አይደለም። ቦርዶ የሚባለው የፈረንሳይ አገር ወይን ጠጅም ለብዙ መቶ ዓመታት በበርሜል ተሞልቶ በወደቡ በኩል ወደ እንግሊዝ ሲሄድ የገበሬው ወይም የርስቱ ስም አይነሣም ነበር። ነጋዴው ከዚህም ከዚያም ገዝቶ ይቀላቅለዋል። ጠጪውም «የቦርዶ ቀይ» ብሎ ይጠጣዋል፤ በቃ።

ለውጡ የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኦ-ብሪዮን የሚባል ርስት የነበራቸው የፖንታክ ቤተሰብ ወይናቸውን በርስታቸው ስም መሸጥ ጀመሩ። በ1663 ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የለንደን ሰው በዕለት ማስታወሻው ላይ ያን ወይን ጠጅ መቅመሱን ሲጽፍ ስሙን እንኳ በትክክል መጻፍ አልቻለም፤ ግን ጻፈው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። ከቦርዶ በስተሰሜን፣ በፖያክ መንደር ጠጠራማ ጉብታዎች ላይ ያለው ላፊት አንዱ ነው። ስሙ በአካባቢው የድሮ ቋንቋ «ጉብታ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል። እንደ እኛ «ጉባው» ወይም «አምባው» ብሎ ቦታን መጥራት ማለት ነው።

በ1855 በፓሪስ ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሲዘጋጅ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ የቦርዶ ወይኖች በደረጃ እንዲቀመጡ ጠየቀ። ላፊት ከላቱር፣ ከማርጎና ከኦ-ብሪዮን ጋር በአንደኛ ደረጃ ተመዘገበ። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1868 አይሁዳዊው የባንክ ባለቤት ባሮን ጄምስ ደ ሮትሺልድ ላፊትን ገዛ፤ ከገዛው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ሞተና ርስቱ ለልጆቹ ለአልፎንስ፣ ለጉስታቭና ለኤድሞን ተላለፈ። እዚህ ላይ ኤድሞን የሚለውን ስም ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ስሙ ተመዝግቦም እንኳ ሥራው አላለቀም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወይኑ ብዙውን ጊዜ በበርሜል ለነጋዴ ይሸጥና ነጋዴው ነበር ጠርሙስ ውስጥ የሚያስገባው። በመንገድ ላይ ምን እንደሚቀላቀልበት ማን ያውቃል? በ1924 በላፊት ጎረቤት በሙቶን የነበረው ወጣት ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ ወይኑን በሙሉ እዚያው በርስቱ ላይ ማሸግ እንዳለበት ወሰነ፤ ሌሎቹም ትልልቅ ርስቶች ይህንኑ መንገድ ያዙ። ያን ጊዜ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጥሩ ነገር መሥራት ብቻ አይበቃም። ስምህን ራስህ ካልጻፍከው በርሜሉን የተሸከመው ይጽፍልሃል።

ባሮኑ ወደ እኛ ሜዳ

ያ የላፊት ወራሽ ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሺልድ በዕብራይስጥ «ሃናዲቭ»፣ ቸሩ ሰው፣ የሚባለው ነው። መንገዶቻችን በስሙ የተሰየሙለት፣ የድሮው የ500 ሼቄል ብር ላይ ሥዕሉ የነበረ ሰው። በ1882 ከተመሠረተችው ሪሾን ለጺዮን መስራቾች የእርዳታ ጥያቄ ሲደርሰው ረዳቸው። የሚያውቀው ሙያ ወይን ስለሆነ ወይን አስተከላቸው። ከፈረንሳይ ባለሙያ ላከ፣ የፈረንሳይ የወይን ዝርያ አስመጣ፣ በሪሾን ለጺዮንና በዚኽሮን ያዕቆብ ትልልቅ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ሕንጻዎችን አሠራ። ከያቭነ ወደ ሪሾን በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ፈረንሳዮቹ ባለሙያዎች «እዚህ አገር ወይን ጠጅ ይሠራ ይሆን?» ብለው ሲሞክሩ፣ 2 ሚሊዮን ሊትር ያመርት የነበረው መጥመቂያ እዚሁ ቅርባቸው በአፈር ተሸፍኖ ነበር። አላወቁም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ገዴራስ? በ1884 የመሠረቷት ቢሉ የሚባለው ማኅበር ወጣቶች ናቸው። ከሩሲያ የመጡ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች የነበሩ፣ እርሻ ሠርተው የማያውቁ ወጣቶች። ባሮኑ ሌሎቹን መንደሮች ሲረዳ ገዴራን አልረዳም፤ በሆቬቬ ጺዮን ማኅበር መዋጮ ነው የቆዩት። እነሱም ወይን ተከሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ችግርና ረኃብ ነበሩ። ዛሬ ገዴራ ስትሄዱ የእነዚያ ወጣቶች ስም በሙዚየም ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለምን? ደብዳቤ ይጽፉ፣ ማስታወሻ ይይዙ ስለ ነበረ ነው። በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ ስማቸው ግን አልጠፋም።

በ1906 ባሮኑ የሪሾንንና የዚኽሮንን የወይን ጠጅ ሕንጻዎች ለገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አስረከበ። 

ከርም በያቭነ እና የጎንደር ጋን

ያቭነን ከወይን ጋር የሚያያይዛት ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ታሪክ አለ። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. በሮማውያን ከመጥፋቷ በፊት ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ በሬሳ ሣጥን ተደብቆ ከከተማዋ ወጣ፤ ከሮማው አለቃ ፊት ቀርቦም ያቭነንና ሊቃውንቷን እንዲተውለት ለመነ፤ ታልሙድ የሚተርከው እንዲህ ነው። ሊቃውንቱ የተሰበሰቡበት ቦታ «ከርም በያቭነ»፣ በያቭነ ያለው የወይን ተክል ቦታ፣ ተባለ። ተማሪዎቹ እንደ ወይን ተክል በረድፍ በረድፍ ስለሚቀመጡ ነው የሚል ማብራሪያም በየሩሻልሚ ታልሙድ ላይ አለ። ያም ሆነ ይህ ስሙ ወይን ነው።

ከያቭነ የወጣው ትምህርት ግን ጎንደር ያሉ አያቶቻችን ዘንድ አልደረሰም። እነሱ በኦሪት ነው የኖሩት። ሰንበት ሲገባ በወይን ላይ ኪዱሽ ማድረግ የሊቃውንት ሥርዓት ነው፤ በአያቶቻችን መንደር ግን ቄሱ የሚባርኩት የሰንበቱን ዳቦ ነበር። መጠጡም ጠላ ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ጋኑ በወይራ ጢስ ታጥኖ፣ ዓርብ ሳይመሽ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንድ ሰንበት፣ ሁለት ዓይነት ማዕድ። ዛሬ በብዙ ቤቶቻችን ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል፤ ኪዱሹ በወይን፣ ዳቦው በእማማ እጅ።

ቃሉ ራሱ ዘመዳሞች መሆናችንን ይናገራል። በብዙ ቃላት የግእዝ «ወ» በዕብራይስጥ «የ» ይሆናል። ወልድ፣ ዬሌድ። ወርኅ፣ ያሬያኽ። ወይን፣ ያይን። ወይን ጠጅም ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። የያቭነ መጥመቂያ በሚሠራበት ዘመን ከዛሬዋ ኤላት አጠገብ ከነበረችው ከአይላ ወደብ የተነሡ ማሰሮዎች በቀይ ባሕር በኩል አዱሊስና አክሱም ይደርሱ ነበር። ስብርባሪያቸው በሁለቱም ከተሞች ተቆፍሮ ወጥቷል።

ስለ ማሰሮ ካነሣን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በኢትዮጵያ ሸክላ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሙያ ነበር። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ ትታወቃለች። ጎረቤት ሁሉ በእነሱ ምጣድ ይጋግራል፣ በእነሱ ጋን ይጠምቃል፣ በእነሱ ጀበና ቡና ያፈላል። የሠሩትን እጆች ግን «ቡዳ» ይላቸዋል። ዕቃው ይወደዳል፣ ባለሙያዋ ትፈራለች። የያቭነን ምድጃዎች ስናስብ ከፊታችን የሚመጡት እነዚያ እናቶች ናቸው።

እጃችን የነካው

ይህን ጽሑፍ በድሮው ዘመን ብንዘጋው ደስ ይለን ነበር፤ ግን አይቻልም። በ2018 በአገራችን ውስጥ አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ተጨማሪ የኮሸር ማኅተም ለማግኘት ብሎ ከኢትዮጵያ የመጡ ሠራተኞቹን ከወይን ጠጁ ጋር ከሚያገናኛቸው ሥራ አነሣቸው። ማኅተሙን የሚሰጠው ወገን «አይሁድነታቸው ያጠራጥራል» የሚል ነበር። በሕጉ መሠረት አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን ጠጅ ለአይሁድ አይፈቀድምና፣ የነገሩ ትርጉም ለማንም አልጠፋውም።

ነገሩ በዜና ሲወጣ አገር ተቆጣ። ዋናው ራቢ ይጽሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት። አባታቸው ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን የወሰኑት ሰው ናቸው። ፋብሪካውም ከቁጣው በኋላ ውሳኔውን ተወ።

በቤታችን ግን ወሬው እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሣቁት ለምን እንደ ሆነ ያኔ አልገባንም ነበር። በኋላ አስረዱን። በኢትዮጵያ አያቶቻችን ከጎረቤት ጋር ያላቸው ሥርዓት «አትንኩኝ» ይባል ነበር። ከሌላ እምነት ሰው እጅ አይበሉም፣ አይጠጡም፤ ከነካቸውም ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም። መንጻት ማለት ለእነሱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነበር። ይህን ሁሉ ትውልድ ያን ያህል ተጠንቅቀው የኖሩ ሰዎች ልጆች ኢየሩሳሌም ናፍቀው አገራቸው ሲገቡ «እጃችሁ ወይኑን ያረክሳል» ተባሉ። ሣቁ፣ ምክንያቱም ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ነው የያቭነ ታሪክ የሚጠቅመን። ማን ማን እንደ ሆነ የሚናገረው ሰነድ በሌላ ሰው እጅ ካለ፣ ስማችንም በእሱ አፍ ላይ ነው ያለው። ዓሊያ ሲደረግ ብዙ ወላጆቻችን በአንድ ቀን ስማቸው ወደ ዕብራይስጥ ተቀየረ። እናት አባት አስበውበት፣ ጎረቤት መርቆ፣ ትርጉም ያለው ስም ነበር። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ብዕር ተለወጠ። ብዙዎቹ ምንም አላሉም፤ አገር መግባታቸው ይበልጥባቸው ነበርና። ከዚያ በኋላ በፋብሪካው፣ በፍራፍሬ ማሸጊያው፣ በጽዳቱ፣ በአትክልት ቦታው ሠሩ። ያሳደጉን በዚያ ድካም ነው። ያም ድካም በማሰሮው ላይ አልተጻፈም።

እኛስ ምን እንጽፍ?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶች። እውነት ነው፤ የሚውለው ግን ያስቀመጠው ሰው ካለ ነው። የያቭነ ወይን ጠማቂዎች በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ የተወደደ ነገር ሠርተው በሌላ ከተማ ስም ተጠሩ። የላፊት ሰዎች መዝገብ ያዙ፣ ደረጃ አስመዘገቡ፣ ጠርሙሱን በራሳቸው ግቢ አሸጉ። በገዴራ ጥቂት የተራቡ ወጣቶች ማስታወሻ ጻፉ። ልዩነቱ የመሬቱ ጥሩነት አይደለም። የእኛ መሬት ከማንም አያንስም፤ ቁፋሮው መስክሮለታል።

ስለዚህ የማኅበራችን ወጣቶች በዚህ ዓመት አንድ ሥራ እንድንሠራ ተስማምተናል። እያንዳንዳችን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት እናት ጋር እንቀመጣለን። ቡናው ይፈላ፣ ስልኩ ይቀመጥና ድምፅ ይቅረጽ። ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። ከመቀየሩ በፊት ስምዎ ማን ነበር፣ ማንስ አወጣልዎ? በመንደርዎ እጅዎ ምን ይሠራ ነበር፤ ሸክላ፣ ብረት፣ ሽመና፣ እርሻ? እዚህ አገር ሲገቡ የመጀመሪያው ሥራዎ ምን ነበር፣ የት? መልሱን በአማርኛም በዕብራይስጥም እንጽፋለን። ፈቃዳቸውን የሰጡንን በሚመጣው ዓመት መጽሔት በስማቸው እናወጣለን።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ልጅ መጥቶ ሲጠይቃችሁ «ይሄ ምን ያደርግልሃል፣ ትምህርትህን ተማር» አትበሉት። ይሄም ትምህርት ነው። እናንተ የምትነግሩንን ሌላ ማንም አይነግረንም።

ልጆች ደግሞ ከቤተሰብ ጋር በቴል ያቭነ በኩል ስታልፉ ለአፍታ ቁሙ። እዚያ ሜዳ ላይ ሰዎች በባዶ እግራቸው ወይን ረግጠዋል፣ ሸክላ ተኩሰዋል፣ ረጃጅም ማሰሮ በግመልና በአህያ ጭነው ወደ ወደብ ልከዋል። ወይን ጠጁ ፈረንሳይ ድረስ ስሙ ተጠራ፣ የእነሱ ስም ግን እዚሁ ሜዳ ላይ ቀረ። የእኛ አያቶች ስም እንደዚያ እንዳይቀር ነው የምንጽፈው።